ዑደቱ ከዕድሜ ጋር ሲያጥርና ሲረዝም

በሃያዎቹ ዕድሜዋ በየ29 ወይም በየ30 ቀኑ የወር አበባዋን ታይ የነበረች ሴት አርባን ስትሻገር በየ26፣ አንዳንዴም በየ25 ቀኑ ማየት ትጀምራለች። አልታመመችም፤ ክብደቷ አልቀነሰም፤ አዲስ የጀመረችው መድኃኒትም የለም። ታላቅ እህቷ «ብርድ መትቶሽ ነው» ትላታለች። ጓደኛዋ «ሐሳብ አብዝተሽ ነው» ትላታለች። እሷ ራሷ ደግሞ ማታ ማታ ክፉ ክፉውን ታስባለች። ዕድሜዋን ያነሳ ሰው ግን የለም። በዚች ሴት ላይ የደረሰው ነገር በብዙ ሺህ ሴቶች ማስታወሻ ተመዝግቧል፤ በላቦራቶሪ ተመርምሯል፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ታውቋል። እሷ ዘንድ ግን አልደረሰም።

ትምህርት ቤት የተማርነው እንዲህ ነው፦ ዑደቱ 28 ቀን ነው፣ በ14ኛው ቀን እንቁላል ትወጣለች፣ ከዚያ ሌላ 14 ቀን ይቆጠራል። ለፈተና የሚመች ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤንፒጄ ዲጂታል ሜዲስን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የ124,648 ሴቶችን 612,613 ዑደቶች መርምሮ ነበር። ልክ 28 ቀን ሆነው የተገኙት ዑደቶች 13 በመቶ ብቻ ናቸው። አማካዩ 29.3 ቀን ሲሆን፣ እንቁላል ከመውጣቷ በፊት ያለው ጊዜ በአማካይ 16.9፣ ከወጣች በኋላ ያለው ደግሞ 12.4 ቀን ነው። እኩል ለሁለት የተከፈለው የመማሪያ መጽሐፉ ዑደት በብዙዎቹ ሴቶች ዘንድ የለም ማለት ነው። ከዚህም የባሰው ጉድለቱ ዕድሜን አለመናገሩ ነው። የ15 ዓመት ልጅ፣ የ30 ዓመት እናትና የ47 ዓመት ሴት በአንድ ቁጥር ይለካሉ።

እንቁላል ከመውጣቷ በፊትና በኋላ ያሉት ሁለቱ የዑደቱ ምዕራፎች በዕድሜ እኩል አይለወጡም፤ ምክንያቱ የየራሳቸው አሠራር ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ደም ከታየበት ቀን ይጀምራል። ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ ኤፍኤስኤች የተባለውን ሆርሞን ይልካል፤ በኦቫሪ ውስጥ ፎሊክል የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው አንዲት እንቁላል ያቀፉ ጥቃቅን ከረጢቶች ማደግ ይጀምራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሌሎቹን ቀድሞ ይመረጣል፤ ኤስትሮጅን በብዛት ያመርታል፤ የማህፀን ግድግዳም ይወፍራል። እንቁላሏ ስትወጣ ይህ ምዕራፍ ያበቃል። የተቀደደው ፎሊክል ኮርፐስ ሉቲየም ወደሚባል ቢጫ አካል ይለወጥና ፕሮጄስትሮን ማመንጨት ይጀምራል። ጽንስ ካልተፈጠረ ቢጫው አካል በሁለት ሳምንት ገደማ ይከስማል፤ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፤ ደም ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ርዝመት የሚወሰነው አንድ ፎሊክል ተመርጦ እስኪደርስ በሚወስደው ጊዜ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። ሁለተኛው ምዕራፍ የቢጫው አካል ዕድሜ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሴት ሴት፣ ከወር ወር ጥቂት ቀናት ከፍ ዝቅ ይላል፤ የመጀመሪያውን ያህል ግን አይዋዥቅም።

ይህን ቀድመው ያስተዋሉት በተለያየ አገር የነበሩ ሁለት የማህፀን ሐኪሞች ናቸው። ጃፓናዊው ክዩሳኩ ኦጊኖ በ1924፣ ኦስትሪያዊው ኸርማን ክናውስ በ1928፣ እንቁላል የምትወጣበት ቀን መቆጠር ያለበት ካለፈው የወር አበባ ወደፊት ሳይሆን ከሚመጣው ወደኋላ እንደሆነ ጻፉ። ግኝቱ ትልቅ ነበር። ችግሩ ግን የሚመጣው የወር አበባ ቀን አስቀድሞ አለመታወቁ ነው፤ ለማወቅ ያለፉትን ወራት አይቶ መገመት ያስፈልጋል፤ ግምቱ ደግሞ ዕድሜ በተለወጠ ቁጥር ይዛባል።

መዛባቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የአንድን ሴት ዑደት ለዓመታት መከተል ያስፈልግ ነበር። አለን ትሬሎር የተባለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1934 ሥራውን ጀመረ፤ የዩኒቨርሲቲው ሴት ተማሪዎች የወር አበባቸውን ቀን እየመዘገቡ እንዲልኩለት ጠየቀ። ብዙዎቹ ተመርቀው፣ አግብተው፣ ወልደው፣ ሸምግለውም መላካቸውን አላቋረጡም። በ1967 የታተመው ውጤት የ2,702 ሴቶችን መዝገብ የያዘ ነው። በዚህ ጉዳይ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ እኔ የማከብረው ይህን ነው፤ ያቆመው የሴቶቹ ትዕግሥት ነውና። ከመዝገቡ የወጣው ሥዕል ዛሬም አልተሻረም። የመጀመሪያው የወር አበባ ከታየ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ዑደቱ ይዋዥቃል፤ ከሃያ እስከ አርባ ባለው ዕድሜ ይረጋጋል፤ በእነዚያ በተረጋጉ ዓመታትም ቀስ እያለ ያጥራል፤ ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት እንደገና ይዋዥቃል።

ትሬሎር የመዘገበው ግን የደም ቀናትን ብቻ ነው። የትኛው ምዕራፍ እንዳጠረ ከዚያ አይታወቅም። ስዊዛዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፎልማን የጠዋት የሰውነት ሙቀትን እያስለካ ከ20,000 በላይ ዑደቶችን ሰብስቦ በ1977 አሳተመ። እንቁላል ከወጣች በኋላ ሙቀት በጥቂቱ ስለሚጨምር፣ ሁለቱን ምዕራፎች ለመለየት የቤት ቴርሞሜትር ይበቃል። የሆርሞን ልኬት ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ጠራ። በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ኤልሳቤጥ ሌንተንና ባልደረቦቿ በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ባሉ ሴቶች የመጀመሪያው ምዕራፍ በአማካይ 14.2 ቀን ነበር፤ ከ40 እስከ 44 ባሉት 10.4 ቀን። ወደ አራት ቀን የሚጠጋ ልዩነት ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ግን በአማካይ 14 ቀን አካባቢ ነበር። ከላይ የጠቀስኩት የ2019 ጥናትም በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ፦ ከ25 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ ዑደቱ በየዓመቱ በአማካይ 0.18 ቀን፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ደግሞ 0.19 ቀን ያጥራል። በሃያ ዓመት ሲደመር ሦስት ቀን ተኩል ያህል ይሆናል፤ የሚቀነሰውም ከሞላ ጎደል በሙሉ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ነው።

ምክንያቱ እንቁላሎቹ ጋ ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ በኦቫሪዎቿ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚሆኑ እንቁላሎች አሉ፤ ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300,000 እስከ 400,000 ይቀራሉ፤ ስታርጥ ወደ አንድ ሺህ ይወርዳሉ። ታዳጊ ፎሊክሎች ኢንሂቢን ቢ የተባለ ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ሥራው የፒቱታሪን እጅ መያዝ፣ ኤፍኤስኤች እንዳይበዛ ማድረግ ነው። ፎሊክሎቹ ሲያንሱ ኢንሂቢን ይቀንሳል፤ የሚከለክለው ያጣው ፒቱታሪም ኤፍኤስኤችን ጨምሮ ይልካል። በሲያትል ናንሲ ክላይንና ባልደረቦቿ በ1996 እና በ2002 ባሳተሟቸው ሥራዎች በአርባዎቹ መጀመሪያ ያሉ ሴቶችን ከሃያዎቹ ጋር አስተያዩ። ፎሊክሉ በትልልቆቹ ሴቶች ዘንድ ፈጥኖ አያድግም፤ ቀድሞ ነው የሚመረጠው። ያለፈው ዑደት ሳያልቅ ኤፍኤስኤች ከፍ ስለሚል፣ ደም ሲጀምር ቀጣዩ ፎሊክል መንገዱን ተያይዞታል።

ከዚሁ የኤፍኤስኤች መጨመር አንድ የሚያስገርም ነገር ይከተላል። የመፀነስ ዕድል በሠላሳዎቹ መጨረሻ እየቀነሰ ሳለ መንታ የመውለድ ዕድል ይጨምራል፤ ከፍ የሚለውም ከ35 እስከ 39 ባለው ዕድሜ ነው። የበዛው ሆርሞን አልፎ አልፎ ሁለት ፎሊክል አብሮ ስለሚያደርስ ነው።

ወደ ልጅነቱ ዘመን እንመለስ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በዳባትና በቆላ ድባ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገና በ2009 የታተመ ጥናት፣ የመጀመሪያው የወር አበባ የሚታይበት አማካይ ዕድሜ 14.8 ዓመት እንደሆነ አግኝቷል። በዚያ ዕድሜ ፒቱታሪና ኦቫሪ ገና መነጋገር እየለመዱ ናቸው። ፊንላንዳዊው ዳን አፕተር ከባልደረቦቹ ጋር እንዳሳየው፣ የመጀመሪያው የወር አበባ በታየበት ዓመት ከሚያልፉት ዑደቶች 80 በመቶ የሚሆኑት እንቁላል የማይወጣባቸው ናቸው፤ በሦስተኛው ዓመት ግማሽ ያህሉ፣ በስድስተኛው 10 በመቶ ገደማ ብቻ። እንቁላል ሳትወጣ ሁለተኛ ምዕራፍ የለም፤ የሚፈሰውም ደም በፕሮጄስትሮን መውረድ የመጣ ሳይሆን በኤስትሮጅን ብቻ የወፈረው ግድግዳ ሲፈርስ ነው። ስለዚህ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ይበዛል። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ለታዳጊዎች ከ21 እስከ 45 ቀን ያለውን ጤናማ ይለዋል፤ ከ90 ቀን በላይ መጥፋት ወይም ደሙ በየሰዓቱ መቀየሪያ እስከሚያሻ መብዛት ግን ሐኪም ይፈልጋል። እናቶች ይህን ቢያውቁ ብዙ ጭንቀት ይቀር ነበር፤ ብዙ ጭቅጭቅም ይቀር ነበር። አርባ ቀን የቆየባት የ14 ዓመት ልጅ፣ ምንም ሳታጠፋ፣ «ከማን ጋር ነበርሽ?» ተብላ ስትመረመር ማየት ያሳዝናል።

በሌላኛው ጫፍ፣ ከአርባዎቹ አጋማሽ በኋላ፣ ማጠሩ ይቆምና መዋዠቅ ይተካል። ባለሙያዎች በ2001 ተሰብስበው ያወጡትና በ2012 ያሻሻሉት የደረጃ አከፋፈል ሁለት ምልክት አስቀምጧል። ተከታታይ ዑደቶች በሰባት ቀንና ከዚያ በላይ እየተለያዩ ከቆዩ ወደ ማረጥ የሚወስደው ሽግግር ተጀምሯል፤ 60 ቀንና ከዚያ በላይ ሳይታይ የሚቆይበት ጊዜ ሲመጣ ሽግግሩ ወደ ማብቂያው ቀርቧል። ሴቲቱ አርጣለች የሚባለው ሙሉ 12 ወር ሳይታይ ሲያልፍ ነው። በዚህ ዘመን የኦቫሪዋ ሥራ ወጥነት ያጣል። በ2009 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ገና ሳያልቅ አዲስ ፎሊክል ተነስቶ ኤስትሮጅን የሚያመርትባቸው ዑደቶች አሉ፤ ሁለቱ ምዕራፎች አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባሉ። እንቁላል ጨርሶ የማትወጣባቸው ወራት ይበዛሉ። በማረጥ መዳረሻ ኤስትሮጅን ቀስ እያለ ይወርዳል የሚለው የተለመደ አባባልም ልክ አይደለም፤ ናኔት ሳንቶሮና ባልደረቦቿ በ1996 እንዳሳዩት ከወጣቶቹም በላይ ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። የጡት መወጠር፣ የበዛ ደም፣ የእንቅልፍ ማጣትና የቁጣ መፈራረቅ ከዚህ መዋዠቅ ጋር የተያያዙ ናቸው። ባሎችም ልጆችም ይህን ዘመን «ጠባይዋ ተለወጠ» ብለው ባያልፉት መልካም ነበር።

በአሜሪካ የአፕል ስልክ ከሚጠቀሙ ሴቶች የተሰበሰበውና በ2023 የወጣው የሃርቫርድ ጥናት ሁለቱን ጫፎች በአንድ ላይ ያሳያል። 12,608 ሴቶችና 165,668 ዑደቶች ተመዝግበውበታል። ከ35 እስከ 39 ባሉት ሴቶች ሲመዘን፣ ከሃያ ዓመት በታች ያሉት ዑደት በ1.6 ቀን ይረዝማል፤ ከ40 እስከ 44 ያሉት በግማሽ ቀን ያጥራል፤ ሃምሳን ያለፉት በሁለት ቀን ይረዝማል። የአንዷ ሴት ዑደት ከወር ወር የሚለያይበት መጠን ደግሞ ከ45 እስከ 49 ባሉት በ45 በመቶ፣ ከሃምሳ በላይ በ200 በመቶ ይበልጣል።

እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የትሬሎር ሴቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭና የተማሩ ነበሩ። የኋለኞቹ ጥናቶች ስልክ ገዝተው በየቀኑ የሚመዘግቡ ሴቶችን የያዙ ናቸው። ሁሉም ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ የወር አበባ ታያለች ብለው የሚያስቧት ሴት ላይ የቆሙ ናቸው። ብዙ የምትወልድና ዓመት ሁለት ዓመት የምታጠባ ሴት ሕይወት ሌላ ነው። ቤቨርሊ ስትራስማን በማሊ በዶጎን ሕዝብ መካከል ኖራ፣ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ የሚያድሩባቸውን ጎጆዎች ሌሊት በሌሊት እየቆጠረች ባጠናችው መሠረት፣ የዶጎን ሴት በዕድሜዋ ሙሉ የምታየው የወር አበባ ወደ 100 ገደማ ነው። ጥቂት በምትወልድ የከተማ ሴት ግን ከ350 በላይ ይሆናል። በኢትዮጵያ የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አንዲት የገጠር ሴት በአማካይ 5.2፣ የከተማ ሴት 2.3 ልጅ እንደምትወልድ አስፍሯል። የገጠሯ ሴት ከእርግዝናና ከማጥባት ወጥታ ዑደቷን ወር በወር የምታየው አንዳንዴ አርባን ከተጠጋች በኋላ ነው፤ ያኔ የምታውቀው ዑደት የወጣትነቷ ሳይሆን አጭሩ ነው። ወይም ስትጠብቀው ማጥባቷ ሳያልቅ ሽግግሩ ይደርስባታል።

ጎጆውን ካነሳሁ፣ ቤተ እስራኤል በጎንደርና በትግራይ መንደሮች በነበሩበት ዘመን ሴቶች የወር አበባ ሲመጣባቸው ከቤት ወጥተው በመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ይቀመጡ ነበር። እስራኤል ገብተው በፎቅ ቤት ሲኖሩ ጎጆው ቀረ። ሥርዓቱ ከባድ ነበር፤ በብርድና በዝናብ ከልጆች መለየት ቀላል አይደለም። ነገር ግን በጎጆው ውስጥ የ16 ዓመቷና የ45 ዓመቷ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የማን እንደዘገየ፣ የማን እንደፈጠነ ይተያዩ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን ያን ያህል እንኳን አንነጋገርም።

የኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠርም በዚህ ላይ የራሱ ነገር አለው። ወራችን 30 ቀን ነው። 30 ቀን የሚሞላ ዑደት ያላት ሴት በየወሩ በዚያው ቀን ታያለች፤ ጳጉሜ ብቻ ያንሸራትተዋል። 26 ቀን ሲሆን በየወሩ አራት ቀን ወደኋላ ይመለሳል፦ በጥቅምት 12 ያየች በኅዳር 8፣ ከዚያ በታኅሣሥ 4፣ ከዚያ በዚያው በታኅሣሥ 30 ታያለች። «በአንድ ወር ሁለት ጊዜ መጣብኝ» ብለው ደንግጠው ሐኪም ዘንድ የሚሄዱ በአርባዎቹ ያሉ ሴቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ቀኑን ከመያዝ ይልቅ ከመጀመሪያው ደም እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ደም ያለውን ርቀት መቁጠር ይሻላል። ርቀቱ ከ24 ቀን በታች ሲወርድ፣ በሁለቱ መካከል ደም ሲታይ፣ ከወትሮው በጣም ሲበዛ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ለወራት ሲጠፋ፣ ወይም ዓመት ከቀረ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ግን «ዕድሜ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። በተለይ የመጨረሻው ለአንድ ሳምንትም ሊቆይ የሚገባው አይደለም።

ቀን በመቁጠር እርግዝናን ለመከላከል የሚሞክሩ ጥንዶች ይህን ሁሉ ማወቅ አለባቸው። ከአሜሪካው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የወጣው የታወቀው ዘዴ ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን መታቀብን ያዝዛል፤ የሚሠራውም ዑደታቸው ከ26 እስከ 32 ቀን ለሆነ ሴቶች ብቻ ነው። በ22 ቀን ዑደት እንቁላል በ9ኛው ቀን ግድም ልትወጣ ትችላለች፤ የወንድ ዘር በሴቷ አካል እስከ አምስት ቀን ስለሚቆይ በ4ኛው ቀን፣ ደሙ ሳይቆም የተደረገ ግንኙነት ሊያስረግዝ ይችላል። «ታጥቤ ሳምንት አልሞላኝም» የሚለው መተማመኛ በ25 ዓመት ያገለገላትን ሴት በ42 ይከዳታል። አለን ዊልኮክስና ባልደረቦቹ በ2000 እንዳሳተሙት፣ ለመፀነስ የሚመቹት ቀናት በሙሉ ከ10ኛው እስከ 17ኛው ቀን ውስጥ የወደቁላቸው ሴቶች 30 በመቶ ብቻ ናቸው። በሌላ በኩል የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴት ከነዚህ ምዕራፎች ውጭ ነች። በ2016ቱ ዳሰሳ ካገቡት ኢትዮጵያውያት 23 በመቶዎቹ መርፌውን ይጠቀሙ ነበር። መርፌው እንቁላል እንዳትወጣ ስለሚያደርግ የሚታየው ጠብታም ሆነ መጥፋቱ ስለ ዕድሜዋ አንዳች አይናገርም፤ በአርባ ስምንት ዓመቷ ደም ስለቀረ «አረጥኩ» ብላ መርፌውን ብታቆም ልትፀንስ ትችላለች።

ነፍሰ ጡሮችንም ይነካል። ጤና ጣቢያ የመጣችን ሴት አዋላጇ «መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» ብላ ትጠይቃትና ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ትደምራለች፤ መሃል ላይ ጳጉሜ ካለች አምስት ቀን ብቻ፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ደግሞ አራት። በጥቅምት 1 ያየች በሐምሌ 11 ትጠበቃለች። ይህ ስሌት የ28 ቀን ዑደትና የ14ኛ ቀን እንቁላል ላይ የቆመ ነው። በ35 ቀን አንዴ የምታይ የ18 ዓመት ሙሽራ እንቁላሏ የምትወጣው ሳምንት ዘግይታ ስለሆነ ቀኗ ሐምሌ 18 ነው፤ በሐምሌ 25 «ሁለት ሳምንት አለፈሽ» ተብላ ምጥ በመድኃኒት እንዲጀመርላት ቢታሰብ፣ ያለፋት በእውነቱ ሰባት ቀን ብቻ ነው። በ24 ቀን የምታይ የ41 ዓመት ሴት ደግሞ ቀኗ ሐምሌ 7 ነው። አልትራሳውንድ በጊዜ ካልተነሳ፣ ከመጨረሻው ቀን ጋር «በስንት ቀንሽ ነው የምታዪው?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ መጨመርና መልሱን በካርዱ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።